ሳያልቅ የቀረ ዘፈን ማን ይጨርሰዋል? ማንስ ይሸጠዋል?

ነጋዴ ሲሞት መጋዘኑ ይቆጠራል፤ ደብተሩ ይመረመራል፤ ዕዳና ሀብቱ ተጣርቶ ለወራሾቹ ይሰጣል። ገበሬ ሲሞት ማሳውንና በሬውን አገር ያውቃቸዋል። ድምፃዊ ሲሞትስ? ስቱዲዮ ውስጥ ግማሹ ተቀድቶ የቀረው ዘፈኑ፣ ለራሱ ማስታወሻ ብሎ ያንጎራጎረው ዜማ፣ "በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብሎ የተወው ድምፅ ከየትኛው መዝገብ ይገባል? ዋጋው ስንት ነው? ጨርሶ ለገበያ የሚያቀርበውስ ማን ነው?

ጥያቄው የሐዘን ቤት ጥያቄ ቢመስልም ዋናው ጉዳይ የንግድ ነው። በሙዚቃ ገበያ ከሟች ድምፃውያን ያልተጠናቀቁ ቅጂዎች የተሠሩ አልበሞች ብዙ ገንዘብ አስገኝተዋል፤ ወንድምና እህትን ፍርድ ቤት አቁመዋል፤ አንዳንዶቹም የሟቹን ስም ከፍ ሲያደርጉ ሌሎቹ አቆሽሸውታል። በዛሬው ገጻችን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ማን እንዳተረፈበትና ማን እንደከሰረበት፣ ለአገራችን ሙያተኞችና አሳታሚዎችም ምን ትምህርት እንደሚሰጥ እንመለከታለን። ዓመታቱ ከአገራችን የሕግና የአዋጅ ዓመታት በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ማንኛውም ሸማች ካሴት ወይም ሲዲ ሲገዛ ዘፈኑን የሚያውቀው እንደ አንድ ነገር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ዘፈን አንድ ነገር አይደለም። ከበሮው ለብቻው፣ ቤዝ ጊታሩ ለብቻው፣ ኪቦርዱ ለብቻው፣ የዘፋኙ ድምፅ ለብቻው፣ የተቀባዮቹም ለብቻው በየራሳቸው ትራክ ይቀዳሉ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ እየተደረገ ይዋሃዳሉ። ይህ ነው ሚክሲንግ የሚባለው። የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ሲጨመርበት ማስተሩ ይወጣል፤ የሚባዛውም እሱ ነው።

ድምፃዊው በመካከሉ ሲሞት የሚቀረው ንብረት ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይገኛል። አንደኛው ድምፁም ሙዚቃውም ተቀድቶ ሚክሲንግ ብቻ የቀረው ነው። ሁለተኛው ድምፁ በሚገባ ተቀድቶ አጃቢው ሙዚቃ ያልተሟላለት ነው። ሦስተኛው ለሙከራ ብቻ የተቀዳ ዴሞ ሲሆን ድምፃዊው ራሱ እንደገና ሊዘፍነው አስቦ የነበረ ነው። አራተኛው ድምፅና መሣሪያ በአንድ ትራክ ላይ ተጣብቀው የተቀዱበት፣ የቤት ካሴት የሚባለው ዓይነት ነው።

ከአንደኛው ወደ አራተኛው በወረድን መጠን ሁለት ነገሮች አብረው ይጨምራሉ። አንደኛው የማጠናቀቂያው ወጪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሟቹ ሳይሆን የአጠናቃጁ ውሳኔ ድርሻ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ጠብ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ነው። ሸማቹ ገንዘቡን የሚከፍለው ለሟቹ ድምፅ ነው፤ እጁ የሚገባው ግን ምን ያህሉ የሟቹ፣ ምን ያህሉ የሌላ ሰው ነው?

የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት

አሜሪካዊው ድምፃዊ ኦቲስ ሬዲንግ ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 በዊስኮንሲን ግዛት ይጓዝበት የነበረው አውሮፕላን ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ሲሞት ገና 26 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሰሞን በሜምፊስ ከተማ በስታክስ ስቱዲዮ ስለ ባሕር ወደብ የሚያወሳ አንድ ዘፈን ቀድቶ ነበር። ጊታር ተጫዋቹና የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲ ስቲቭ ክሮፐር በሐዘን ላይ ሳለ ቴፑን ይዞ ሥራውን አጠናቀቀ። የሞገድና የባሕር ወፎች ድምፅ ጨመረበት። ድምፃዊው በመጨረሻ ያፏጨውን ፉጨት ግን እንዳለ ተወው።

ዘፈኑ በጥር 1968 ወጣ፤ በመጋቢት ወር በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃን የያዘ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። በ1969 ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን አስገኝቷል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዕቃው ከላይ ካልናቸው አራት ደረጃዎች ወደ አንደኛው የተጠጋ ነበር። ድምፁ በሚገባ ተቀድቷል። ያጠናቀቀው ሰው ዘፈኑን ከሟቹ ጋር የደረሰ፣ የሟቹን ሐሳብ ከራሱ አፍ የሰማ ሰው ነው። የጨመረውም ጥቂት ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድነት ከተገኙ ገበያውም አድማጩም ቅር አይሰኙም።

አንድ ክምችት፣ ሦስት ሻጭ

ነገሩ በሌላ መልክ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጊታር ተጫዋቹ ከጂሚ ሄንድሪክስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሄንድሪክስ መስከረም 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ የወጡለት የስቱዲዮ አልበሞች ሦስት ብቻ ሲሆኑ በየስቱዲዮው የቀሩት ቴፖች ግን እጅግ ብዙ ነበሩ። ይህ አንድ ክምችት በሦስት የተለያዩ እጆች ተሽጧል።

የመጀመሪያው ሽያጭ በ1971 የወጣው "ዘ ክራይ ኦፍ ላቭ" ነው። ያዘጋጁት የድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመርና ከበሮ መቺው ሚች ሚቸል ሲሆኑ ሁለቱም ከሟቹ ጋር የሠሩ ናቸው። አልበሙ በአሜሪካ እስከ ሦስተኛ፣ በእንግሊዝ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ።

ሁለተኛው ሽያጭ የመጣው ክምችቱ በፕሮዲዩሰር አለን ዳግላስ እጅ ከገባ በኋላ ነው። በ1975 በወጣው "ክራሽ ላንዲንግ" በተባለው አልበም ዳግላስ ከሄንድሪክስ ጋር የተጫወቱትን ሙዚቀኞች ከቴፑ አውጥቶ፣ ሄንድሪክስን በሕይወቱ አግኝተውት የማያውቁ ቅጥር ሙዚቀኞችን በምትካቸው አስገባ። ከዚያም አልፎ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ ራሱን ተባባሪ ደራሲ አድርጎ አስመዘገበ። አልበሙ አልከሰረም፤ እንዲያውም በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ደርሷል። ይሁን እንጂ አድናቂዎች ለብዙ ዓመታት ሲወቅሱት ኖረዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። "ተባባሪ ደራሲ" የሚለው ቃል የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደራሲ የሆነ ሰው ዘፈኑ በተሸጠና በተሰማ ቁጥር ድርሻ ያገኛል። ስለዚህ አጠናቃጁ ስሙን በድርሰት ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ከሟቹ ወራሾች ኪስ ድርሻ ወሰደ ማለት ነው። ሟቹ ደግሞ ተነሥቶ "አብረን አልጻፍነውም" ሊል አይችልም።

ሦስተኛው ሽያጭ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ የመጣ ነው። የሟቹ አባት አል ሄንድሪክስ ጉዳዩን ለፍርድ አቅርበው በ1995 የልጃቸውን ሥራዎች መብት አስመለሱ፤ የቤተሰብ ኩባንያም ተቋቋመ። በ1997 በወጣው "ፈርስት ሬይስ ኦፍ ዘ ኒው ራይዚንግ ሰን" ሥራው ተመልሶ ለኤዲ ክሬመር ተሰጠ። አልበሙ በ1971 የወጡትን ዘፈኖች ከሌሎች ጋር አድርጎ በጠቅላላው 17 ይዟል። ልጁ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባትዬው የልጃቸውን ሥራ እጃቸው ለማስገባት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ኑዛዜ ያልተወው ቦብ

ቦብ ማርሌይ ግንቦት 11 ቀን 1981 በማያሚ ከተማ በ36 ዓመቱ ሲያርፍ ኑዛዜ አልነበረውም። ሚስቱና 11 ልጆች ነበሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1983 "ኮንፍሮንቴሽን" የተባለው አልበም ወጣ። በውስጡ በተለያዩ ዓመታት የተቀዱ፣ ያልወጡ ወይም በየጊዜው ለየብቻ የወጡ ሥራዎች ተሰበሰቡ። የተለያየ ዘመን ሥራ አንድ አልበም እንዲመስል ሚስቱ ሪታ ያለችበት "አይ ትሪስ" የተባለው የሴቶች ቡድን የተቀባይነት ድምፅ ጨመረበት። ታዋቂው "በፋሎ ሶልጀር" የሚገኘው በዚህ አልበም ነው።

የአልበሙ መሸፈኛ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በፊት ገጹ ላይ ማርሌይ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሏል። በውስጡ ደግሞ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል አለ። የሙዚቃ ሸቀጥ መሸፈኛውም ጭምር ነውና፣ አሳታሚዎቹ ሟቹ በሕይወቱ ይወደው ከነበረው ነገር ሳይወጡ ማቅረባቸው ለአልበሙ ጠቅሞታል።

በሌላ በኩል የውርሱ ጉዳይ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ክርክር አስከተለ። ኑዛዜ ስላልነበረ የንብረቱ አስተዳደር በሌሎች እጅ ወደቀ፤ ጠበቃና ዳኛ፣ ሒሳብ አጣሪና ገዢ ተፈራረቁበት። የፕሪንስም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ፕሪንስ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ያለ ኑዛዜ ሲሞት ያልወጡ ሥራዎቹን ያከማቸበት ትልቅ ካዝና ትቶ ነበር። የንብረቱ ግምት 156.4 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ስምምነት የተደረሰው በ2022 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የገበያ ሐቅ እናንሳ። ማርሌይ ከሞተ በኋላ እጅግ የተሸጠለት ያልተጠናቀቁ ሥራዎች የተሰበሰቡበት አልበም አይደለም። በ1984 የወጣው "ሌጀንድ" ነው፤ እሱም ተጠናቀው የወጡ የታወቁ ዘፈኖች ስብስብ ሲሆን በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገርለታል። አሳታሚ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። ከፍርፋሪው ይልቅ እንጀራው ይበልጥ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ባለቤቱ እያወቀ የተሠራ

የእንግሊዙ ክዊን ቡድን ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ የሚሞት መሆኑን አውቆ በ1991 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሞንትሮ ከተማ አቅሙ በፈቀደ መጠን ድምፁን ቀዳ። ጓደኞቹ በኋላ እንዲያጠናቅቁት ታስቦ ነው። በኅዳር 24 ቀን 1991 አረፈ፤ "ሜድ ኢን ሄቨን" የተባለው አልበም በኅዳር 1995 ወጣ። መርኩሪ በመጨረሻ በቀዳው ዘፈን የመጨረሻውን ክፍል ሳይደርስበት ስለቀረ፣ ያንን ጊታር ተጫዋቹ ብራየን ሜይ በራሱ ድምፅ ዘፈነው። የሟቹን ድምፅ አስመስሎ የሚዘፍን ሰው አልፈለጉም። አድማጩ ሟቹ የት እንዳቆመ፣ ወዳጁ ከየት እንደተቀበለ በግልጽ ይሰማል።

በቅርቡም ማክ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ወጣት በመስከረም 2018 ሲሞት አብሮት ይሠራ የነበረው ጆን ብራየን ሥራውን አጠናቅቆ "ሰርክልስ" የተባለው አልበም በጥር 2020 ወጣ። ለሕዝብ ያስታወቀው ቤተሰቡ ነበር። ስዊድናዊው አቪቺም በ2018 ሲሞት ተባባሪዎቹ የጀመረውን አጠናቀው በ2019 "ቲም" በሚል ስም አወጡለት፤ ገቢውም በስሙ ለተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ።

በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። የሟቹ ፈቃድ ወይም ሐሳብ የታወቀ ነው፤ የሚያውቀው ሰውም በሥራው ላይ አለ።

ከአንድ ትራክ ድምፅ መለየት

አራተኛው ደረጃ ያልነው ዕቃ ለብዙ ዘመን ዋጋ አልነበረውም። ለዚህ የጆን ሌነን ካሴት ምስክር ነው። ሌነን በታኅሣሥ 1980 ከተገደለ በኋላ ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ በ1994 የቤት ካሴቶቹን ለፖል ማካርትኒ ሰጠች። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ዘፈኖች በ1995 እና በ1996 በቢትልስ ስም ወጡ። ሦስተኛው ግን ተሞክሮ ተተወ። ፒያኖው ድምፁን ይሸፍነዋል፤ ካሴቱም ጉምጉምታ ነበረበት፤ ሁለቱን የሚለያይ መሣሪያ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ የፊልም ሠሪው የፒተር ጃክሰን ባልደረቦች የኮምፒውተር ፕሮግራም አስተምረው ድምፅን ከመሣሪያ የሚለይ ዘዴ አበጁ። በዚህም "ናው ኤንድ ዘን" የተባለው ዘፈን በኅዳር 2023 ወጥቶ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ በ2025 የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ2001 የሞተው የጆርጅ ሃሪሰን ጊታርም በ1995 ሙከራ ጊዜ ከተቀዳው ተወስዶ ገብቶበታል።

ለገበያ ሰው የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ትናንት "አይረባም" ተብሎ በመሳቢያ የተጣለ ካሴት ዛሬ ንብረት ሆኗል። በየሙዚቃ ቤቱ ጓዳና በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ካሴት ሁሉ እንደገና ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ይኸው ዓይነት ቴክኖሎጂ ሟቹ ያልዘፈነውንም ሊያዘፍነው ይችላል። ያለን ድምፅ ማጽዳትና የሌለን ድምፅ መፍጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት በ2024 የሰውን ድምፅ ያለ ፈቃድ በኮምፒውተር አስመስሎ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ገዢ ሲጠራጠር

ማይክል ጃክሰን በሰኔ 25 ቀን 2009 ከሞተ በኋላ የንብረቱ አስተዳዳሪዎች ከሶኒ ኩባንያ ጋር እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ተዋዋሉ። በታኅሣሥ 2010 "ማይክል" የተባለው አልበም ወጣ። ከዘፈኖቹ መካከል ሦስቱን በተመለከተ ገና ከመውጣታቸው "ይህ ድምፅ የእሱ አይደለም" የሚል ክርክር ተነሣ፤ ከቤተሰቡም አባላት ይህንኑ የተናገሩ ነበሩ። በ2014 አንዲት ሸማች "ገንዘቤን የከፈልኩት ለእሱ ድምፅ ነው" በሚል መሠረት ክስ አቀረበች። ጉዳዩ ለስምንት ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ በ2022 ሦስቱ ዘፈኖች ከኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ተነሡ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የካሊፎርኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአልበሙ ጀርባና በማስታወቂያው የተጻፈው "የማይክል ድምፅ ነው" የሚል ቃል የንግድ ማስታወቂያ ስለሆነ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል አለ። ተከራካሪዎቹም በስምምነት ጨረሱ። ኩባንያው ዘፈኖቹን ያነሣው ድምፁ የማን ነው ከሚለው ጉዳይ ጋር በተያያዘ እንዳልሆነ ገልጿል።

ክርክሩ በማንም እውነት ቢያልቅ የገበያው ትምህርት አንድ ነው። የሟች አልበም የሚሸጠው በእምነት ነው። በሦስት ዘፈን ላይ ጥርጣሬ ከገባ ቀሪዎቹም ይጠረጠራሉ።

እነዚሁ ሰዎች በ2014 "ኤክስኬፕ" የተባለውን ሁለተኛ አልበም ሲያወጡ ዘዴ ቀየሩ። ስምንት ዘፈኖችን በአዳዲስ ፕሮዲዩሰሮች አሠርተው፣ በውድ ዋጋ በሚሸጠው ዓይነት ውስጥ ማይክል የተዋቸውን የድሮ ቅጂዎች ጎን ለጎን አቀረቡ። ሸማቹ ሁለቱን አወዳድሮ ምን እንደተጨመረ ራሱ እንዲፈርድ ተደረገ። ግልጽነት ኪሳራ አይደለም፤ እንዲያውም በተሻለ ዋጋ ይሸጣል።

የቱፓክ ሻኩርንም ነገር ማንሳት ይቻላል። በ1996 ከተገደለ በኋላ ብዙ አልበሞች ወጥተውለታል። በታኅሣሥ 2004 የወጣውን ያዘጋጀው ኤሚነም የሟቹን ድምፅ ፍጥነትና ቅጥነት ቀይሮ፣ ቃላቱንም እየቆረጠ እየቀጠለ፣ ከሞቱ በኋላ ስም ያወጡ ሰዎችን ሲጠራ እንዲመስል አደረገው። አልበሙ በወጣ ጊዜ አንደኛ ሆነ፤ ሐሜቱም አብሮት ወጣ። ሟቹ ያላለውን "አለ" ማሰኘት ከማጠናቀቅ ያለፈ ነገር ነው።

አልሸጥም ያለ ነጋዴ

እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሀውስ በሐምሌ 2011 ከሞተች በኋላ በታኅሣሥ ወር አንድ አልበም ወጣላት፤ በእንግሊዝም አንደኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን አልቀጠለም። የዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ የእንግሊዝ ኃላፊ ዴቪድ ጆሴፍ የቀሩትን ዴሞዎች ማጥፋታቸውን በ2015 ተናገሩ። ምክንያታቸውም እሳቸው ቢሄዱ በቦታቸው የሚተካ ሌላ ሰው ድምጿን ወስዶ የማይሆን ነገር እንዳይሠራበት ነው።

ነጋዴ የራሱን ሸቀጥ ሲያጠፋ መስማት ያስገርማል። ትክክል ነው አይደለም የሚለው አከራካሪ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ቴክኖሎጂ የጣሉትን ዕቃ ዋጋ ሊሰጠው ይችላልና። ሆኖም ሰውየው የገባቸው ነገር አለ። መጥፎ አልበም አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ የደጎቹንም ዋጋ ያወርዳል።

በእኛስ አገር?

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ናይሮቢ ውስጥ በሕክምና ላይ ሳለ ያረፈው ኢዮብ መኮንን ይሠራው የነበረው ሁለተኛ አልበሙ "እሮጣለሁ" በሚል ስም በ2017 ለአድማጭ ደርሷል። በሰኔ 2020 የተገደለው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሦስተኛ አልበሙ "ማል መሊሳ" በሙት ዓመቱ በሰኔ 2021 ወጥቷል። ወደፊትም ሌሎች መምጣታቸው አይቀርም። ጥያቄው ወራሹም አሳታሚውም ተዘጋጅተው ይጠብቁታል ወይ? ነው።

በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቀዋል፤ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት የድርሰት ባለቤት ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወቱ ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሥራው የጋራ ከሆነ ደግሞ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ከደራሲዎቹ መካከል በመጨረሻ ከሞተው ነው። ስለዚህ በአንድ ዘፈን ላይ የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲ፣ ድምፃዊውና የድምፅ ቅጂው አሳታሚ የየራሳቸው መብት አላቸው። ድምፃዊው ሞተ ማለት የገጣሚው መብት ሞተ ማለት አይደለም። የሟቹ ወንድም ብቻውን ፈርሞ ሊሸጠው አይችልም፤ ሃርድ ዲስኩ በእጁ ያለ የስቱዲዮ ባለቤትም እንደዚሁ። ዲስኩን መያዝ ሌላ፣ በውስጡ ያለውን መብት መያዝ ሌላ ነው። ቤት የተከራየ ሰው ቁልፉን ስለያዘ ብቻ ቤቱን አይሸጥም።

የኛ ገበያ ችግር ብዙው ነገር በቃል ማለቁ ነው። "ወንድሜ ነው፣ ምን ውል ያስፈልገናል?" እየተባለ ግጥም ይሰጣል፤ ዜማ ይሰጣል፤ ስቱዲዮም በዱቤ ይሠራል። ሰውየው እያለ ችግር የለም። ሲሞት ግን የቃል ምስክሩ እሱ ራሱ ነበርና አብሮ ይቀበራል።

ኑዛዜንም በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልብ ሊባል የሚገባው ድንጋጌ አለው። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ጥበቃና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፃዊው በአልጋው ላይ ሆኖ "ዘፈኖቼን ለእናቴ ስጡልኝ" ቢል ከዚህ የገንዘብ ልክ አያልፍም። ሕጉ ግን ከባድ ነገር አልጠየቀም። ሰው በገዛ እጁ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አመልክቶ፣ በየገጹ ቀን ጽፎ ከፈረመበት ኑዛዜ ነው። በሌላ ሰው የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል።

ምን ይደረግ?

ካነሣናቸው ታሪኮች የሚወጡትን ትምህርቶች ለየባለጉዳዩ ከፋፍለን እናስቀምጥ።

ለድምፃዊው፡- በእጅህ ያለውን ያልወጣ ሥራ ዘርዝረህ ጻፍ። የትኛው የተጨረሰ፣ የትኛው ሙከራ፣ የትኛው በጭራሽ እንዳይወጣ የምትፈልገው እንደሆነ አመልክት። ቢያስፈልግ ማን እንዲያጠናቅቅልህ እንደምትወድ ስሙን ጥቀስ። ይህ ሟርት አይደለም፤ ነጋዴ በዓመት አንድ ቀን ዕቃ እንደሚቆጥረው መቁጠር ነው።

ለወራሾች፡- በለቅሶው ሰሞን ምንም አትፈርሙ። አስቀድማችሁ ቅጂዎቹ በስንት ስቱዲዮ እንዳሉ አጣሩ፤ የእያንዳንዱን ግልባጭ በእጃችሁ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ከመሸጥ ይልቅ ከሽያጩ ድርሻ የሚያስገኝ ውል ይሻላል። አጠናቃጁ የድካሙን ዋጋ ይቀበል፤ በድርሰት ባለቤትነት ከገባ ግን በትክክል የጻፈው ነገር መኖሩን መርምሩ። የሄንድሪክስን አባት አትርሱ።

ለፕሮዲዩሰሩና ለአሳታሚው፡- ያገኛችሁትን ቅጂ መጀመሪያ እንዳለ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ሥራችሁን በግልባጩ ላይ ሥሩ። ከሟቹ ጋር የሠራ ሰው ካለ እሱን ያዙ። በመሸፈኛው ላይ የትኛው በሟቹ ጊዜ የተቀዳ፣ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደሆነ ጻፉ። አሥር ዘፈን ለመሙላት ብላችሁ አራት ደካማ ዘፈን አታስገቡ፤ ስድስት ጥሩ ዘፈን ይበቃል።

ለሸማቹ፡- ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ማን አጠናቀቀው? ቤተሰቡ ያውቃል? ገንዘቡ ለማን ይሄዳል? መልሱ በመሸፈኛው ላይ ከሌለ ሻጩ ሊነግርህ ያልፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል።

አባቶች "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲሉ ስለ ስቱዲዮ አላሰቡም ይሆናል። ለዚህ ገበያ ግን ከዚህ የተሻለ ሕግ አልተጻፈለትም። ድምፁ በቴፕ ላይ ነው፤ ቴፑ ይቆያል። የማይቆየው ሰውየው የፈለገው ነገር ነው፤ እሱም የሚገኘው በወረቀት ላይ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ደግሞ ከስቱዲዮ የአንድ ሰዓት ኪራይ ይረክሳሉ።